ከቼርኖቤል በፊት የተደበቁት ሪፖርቶች

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማቀዷን አስመልክቶ በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ኃይል ፍላጎታችንና በዝናብ ላይ ብቻ መመካት ስላለው አደጋ ያቀረቡት ሐሳብ የሚያስመሰግን ነው። በዩክሬን የደረሰውን የቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ባነሱበት ስፍራ ግን፣ አደጋው የደረሰው ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት አሮጌ የሶቭየት ማሽን ላይ ስለሆነ ለእኛ የሚያሰጋ ነገር የለውም ብለው በአንድ አንቀጽ አልፈውታል። የሥራ ዘመኔን በውኃ ኃይል ማመንጫ የመቆጣጠሪያ ክፍል በፈረቃ እየሠራሁ ያሳለፍኩና አሁን በጡረታ ባሕር ዳር የምኖር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አንቀጽ እንዲሁ እንዲታለፍ አልወደድኩም።

በመጀመሪያ፣ ያ ዓይነት ሪአክተር፣ ማለትም የኒውክሌር ሙቀት የሚመነጭበት ማሽን፣ ከአገልግሎት አልወጣም። በሩሲያ በሌኒንግራድ፣ በኩርስክና በስሞሌንስክ ጣቢያዎች ማሻሻያ ተደርጎለት ዛሬም ይሠራል። ዋናው ክርክሬ ግን ይህ አይደለም። ቼርኖቤልን የማሽን ጉዳይ ብቻ አድርገን ካየነው፣ ዓለም ከአደጋው በኋላ ያወጣቸው ሕጎችና ደንቦች ለምን እንደወጡ አይገባንም፤ ካልገባን ደግሞ ማሽኑን ገዝተን ደንቡን ከወደብ ጥለነው ልንመጣ እንችላለን።

ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አለመሆኑን አንባቢ ያስታውስ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ዕቅዶች አንዱ የኒውክሌር ኃይል መሆኑን ተናግረዋል፤ በተከታዩ መስከረም ወርም ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር በሞስኮ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ይህን ለመቃወም አልጻፍኩም። ደቡብ አፍሪካ በኮበርግ ጣቢያዋ ከአርባ ዓመት በላይ ስትሠራበት ኖራለች፤ ግብፅም በኤል ዳባ አራት ሪአክተሮችን እየገነባች ነው። እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው እንዲገባን ወደዚያች ሌሊት መመለስ ያስፈልጋል።

አደጋው የደረሰው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው። በእኛም በእነርሱም ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነገ ሆሳዕና የሚባልበት ቅዳሜ ነበር። በአራተኛው ሪአክተር ላይ ሲካሄድ የነበረው ሙከራ የደኅንነት ሙከራ እንደነበረ ብዙ ሰው አያውቅም። ጣቢያው ከውጭ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥ የናፍጣ ጀነሬተሮች ተነሥተው ሙሉውን ጭነት እስኪሸከሙ ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚህች ክፍተት፣ እንፋሎት የተዘጋበት ተርባይን ገና መሽከርከሩን ሳያቆም የሚያመነጨው ኃይል የማቀዝቀዣ ፓምፖቹን ማሠራት ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነበር የተፈለገው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም በሠራሁባቸው ጣቢያዎች መብራት ሁሉ ሲጠፋ ጣቢያው ራሱን እንዴት ያስነሣል የሚለው ጥያቄ የዘወትር ጭንቀታችን ነበር።

ሙከራው በዓርብ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጀመር ታቅዶ ሳለ፣ የኪየቭ የኃይል ስርጭት ተቆጣጣሪ ኃይሉ ስለሚያስፈልግ ይቆይ በማለቱ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ዘገየ። ለሥራው የተዘጋጀው ፈረቃ ወጥቶ ሌላ ፈረቃ ገባ። ከ700 እስከ 1,000 ሜጋ ዋት በሚደርስ የሙቀት ኃይል ላይ ሊደረግ የታሰበው ሙከራ፣ ኃይሉ በድንገት ወደ 30 ሜጋ ዋት ከወረደ በኋላ በብዙ ትግል 200 ላይ ተመልሶ ተካሄደ። ይህን ለማድረግ የኒውክሌር ሂደቱን የሚገቱት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ከሚገባው በላይ ከሪአክተሩ ውስጥ ተስበው ወጥተው ነበር። የአደጋ ጊዜ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱም ተዘግቶ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለውን የሰማ ሰው ጥፋቱን በኦፕሬተሮቹ ላይ ቢጭን አይፈረድበትም፤ የሶቭየት ልዑካን ቡድንም በነሐሴ 1978 ዓ.ም. ቪየና ላይ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያስረዳው በአመዛኙ እንደዚሁ ነበር።

ኦፕሬተሮቹ ያላወቁት ነገር ግን ነበር። በዚያ ሪአክተር ውስጥ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የኒውክሌር ሂደቱ በመዳከም ፈንታ ይበረታል፤ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ደግሞ ይህ ጠባዩ ይብሳል። ከዚያም በላይ፣ ሂደቱን የሚገቱት ዘንጎች ከሥራቸው የግራፋይት (ሂደቱን የሚያግዝ የካርቦን ዓይነት) ክፍል የተያያዘላቸው ስለነበሩ፣ እስከ ላይ ተስበው ከወጡበት ተመልሰው መውረድ ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ግራፋይቱ በታችኛው ክፍል ያለውን ውኃ ገፍቶ ኃይሉን ይጨምራል። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ ለመግባት 18 ሰከንድ ያህል ይወስድባቸው ነበር። በዚያች ሌሊት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን፣ እንዲያጠፋ የተሠራው መሣሪያ አቀጣጣይ ሆነ።

ይህ ጠባይ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በኅዳር 1968 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ጣቢያ የመጀመሪያው ሪአክተር ላይ በተመሳሳይ ምክንያት የነዳጅ መቅለጥ ደርሶ ነበር፤ የተማረው ትምህርት ግን ያንኑ ማሽን ለሚያንቀሳቅሱት ለሌሎቹ ጣቢያዎች ሠራተኞች በሚገባ አልደረሰም። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ በሊትዌኒያ የኢግናሊና ጣቢያ ሥራ ሲጀምር በተደረገው ፍተሻ፣ ዘንጎቹ ሲገቡ ኃይል እንደሚጨምሩ በዓይን ታየ። የዲዛይኑ ኃላፊዎች ዘንጎችን ሙሉ በሙሉ ማውጣትን የሚገድብ መመሪያ እንደሚወጣ ለጣቢያዎቹ በደብዳቤ አሳወቁ። መመሪያው አልወጣም፤ ነገሩ ተረሳ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በቼርኖቤል ፈረቃ ላይ የነበሩት ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው የአሠራር መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚያስጠነቅቃቸው ነገር አልነበረውም። የኤጀንሲው የደኅንነት አማካሪ ቡድንም ቀድሞ ያወጣውን ሪፖርት ከልሶ በ1985 ዓ.ም. ባሳተመው ሁለተኛ ሪፖርት፣ የጥፋቱን ሚዛን ከኦፕሬተሮቹ ወደ ዲዛይኑና የደኅንነት ባህል ወደ ጎደለው አጠቃላይ አሠራር አዛውሮታል። የጣቢያው ኃላፊዎች ግን ያን ጊዜ ተፈርዶባቸው ታስረው ነበር።

ቴክኒካዊው ጥገና ብዙም አስቸጋሪ አልነበረም። የዘንጎቹ አሠራር ተለወጠ፣ መግቢያ ጊዜያቸው ወደ 12 ሰከንድ ዝቅ አለ፣ የነዳጁ የዩራኒየም ብልጽግና (በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም ድርሻ) ከ2 ወደ 2.4 በመቶ ከፍ አለ፣ ተጨማሪ ኃይል ቀናሽ ዘንጎች ገቡ። ይህ ሁሉ ከአደጋው በፊትም ሊደረግ ይችል ነበር።

ነገሩ የሶቭየት ኅብረት ምስጢረኛነት ብቻ ያመጣው ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የሌሎቹን ሁለት ታላላቅ አደጋዎች ታሪክ ይመልከት። በአሜሪካ በመጋቢት 1971 ዓ.ም. በስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ተከፍቶ የቀረ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የሪአክተሩን ውኃ ሲያፈስ፣ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለው መብራት ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መሰጠቱን እንጂ በእርግጥ መዘጋቱን አያሳይም ነበር፤ ኦፕሬተሮቹም ተታለው የአደጋ ጊዜውን ውኃ ቀነሱት። ይህን የመሰለ ቫልቭ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት በዚያው በአሜሪካ በዴቪስ ቤሲ ጣቢያ በዚያው መልክ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር፤ ወሬው ግን ስሪ ማይል አይላንድ አልደረሰም። ቴክኖሎጂዋ በዓለም በምትደነቀው ጃፓንም የፉኩሺማ ዳይቺ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ባሕሩ እስከ 15.7 ሜትር ሊነሣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት በ2000 ዓ.ም. በእጁ ነበረው። ጣቢያው የተዘጋጀው ለ5.7 ሜትር ነበር። ስሌቱ ለተጨማሪ ጥናት ተብሎ ተቀመጠ፤ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. 14 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ማዕበል መጣ።

ሦስቱም ዘንድ ማስጠንቀቂያው ከአደጋው በፊት ደርሷል፤ ሊሰማው የሚገባው ሰው ጆሮ ብቻ አልደረሰም። የ1965ቱን የወሎ ረሃብ የምናስታውስ ሰዎች፣ ክፉ ወሬ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት እየተለሳለሰ ሲያልፍ ላይኛው ዘንድ የሚደርሰው ምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ እናውቃለን።

ዛሬ የኒውክሌር ደኅንነት የሚባለው ሥርዓት በአብዛኛው የተሠራው ይህን የወሬ መቋረጥ ለመጠገን ነው። የኒውክሌር አደጋን ወዲያውኑ የማሳወቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ ከአደጋው ልክ አምስት ወር ቆይቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ዓለም ስለ ቼርኖቤል የሰማው ከሞስኮ ሳይሆን የስዊድን ፎርስማርክ ጣቢያ ሠራተኞች ጫማ ላይ ከተገኘው ጨረር ነበር። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የዓለም የኒውክሌር ጣቢያዎች ባለቤቶች እዚያው ሞስኮ ላይ ማኅበር መሥርተው፣ አንዱ ጣቢያ የሌላውን ሄዶ እንዲመረምርና የደረሰበትን ትንንሽ ብልሽት ሁሉ እንዲያካፍል ተስማሙ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ማንኛውም ክስተት ከዜሮ እስከ ሰባት ባለው ደረጃ ተለክቶ ለሕዝብ እንዲነገር የሚያደርገው መለኪያ ወጣ፤ ቼርኖቤልና ፉኩሺማ ሰባተኛው ላይ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የጸደቀው የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነትም አገሮች ስለ ራሳቸው ሪፖርት ጽፈው በሌሎች አገሮች ፊት እንዲጠየቁበት ያደርጋል። በማሽኑ በኩልም አዲሶቹ የሩሲያ ሪአክተሮች የቀለጠ ነዳጅ ቢወርድ የሚቀበል ጉድጓድ ከሥራቸው አላቸው፤ ለኤል ዳባም ይኸው ተተክሏል። መልካም ነው። ሆኖም ይህ ክፍል ሊያገለግል የሚችለው ሌላው ሁሉ ካልተሳካ በኋላ ነው።

ሪአክተር ከውኃ ኃይል ማመንጫ የሚለይበትን አንድ ነገር ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። እኛ የውኃ ማስገቢያውን በር ስንዘጋ ተርባይኑ ይቆማል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ሪአክተር ግን ከቆመ በኋላም ይሞቃል። እሳቱ የወጣለት ምጣድ ቀስ በቀስ እንደሚበርደው ዓይነት ሙቀት አይደለም፤ ነዳጁ ራሱ በውስጡ ካሉት የተሰነጠቁ አቶሞች አዲስ ሙቀት እያመነጨ ይቀጥላል። በቆመበት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ ከስድስት እስከ ሰባት በመቶ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሪአክተር 3,000 ሜጋ ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ቆመ ከተባለ በኋላ የሚቀረው ወደ 200 ሜጋ ዋት ይጠጋል። በእኛ ሚዛን ሲታይ፣ 11.4 ሜጋ ዋት የሆነው አሮጌው ጢስ ዓባይና 73 ሜጋ ዋት የሆነው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተደምረው ከሚሰጡት ከእጥፍ በላይ ነው። ከአንድ ቀን በኋላም ከአሥር ሜጋ ዋት በላይ ይቀራል። ይህን ሙቀት ለማውጣት ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

ፉኩሺማ የጠፋው በዚህ ነው። ሪአክተሮቹ የመሬት መንቀጥቀጡ እንደደረሰ በሚገባ ቆመዋል፤ የናፍጣ ጀነሬተሮቹም ተነሥተዋል። ከሃምሳ ደቂቃ ያህል በኋላ ማዕበሉ መጥቶ በምድር ቤት የተቀመጡትን ጀነሬተሮች አሰጠማቸው። ከፍ ብሎ የተተከለ በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጀነሬተር ብቻ ተርፎ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሪአክተር አዳነ። ለመሬት መንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ ቅርብ የነበረው የኦናጋዋ ጣቢያ ግን 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ በመሠራቱ ተርፎ፣ ቤታቸው በማዕበሉ የተወሰደባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች ለወራት በቅጥር ግቢው ውስጥ ተጠልለው ነበር። ሰዎች ሸሽተው ወደ ኒውክሌር ጣቢያ የገቡበት ታሪክ ነው፤ ሊቃወሙ ለሚፈልጉም ሊደግፉ ለሚፈልጉም እንዲያነቡት እመክራለሁ።

ይህ ጉዳይ ወደ እኛ ሲመጣ መረባችንን ይመለከታል። በአገራችን መላው የኤሌክትሪክ መረብ በአንድ ጊዜ የጠፋባቸውን ቀናት የማያስታውስ የለም። በሙያው እንደሚመከረው አንድ ማመንጫ ከመረቡ አቅም ከአንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ እሱ ሲቋረጥ መረቡን ይዞ ይወድቃል፣ መረቡ ሲወድቅ ደግሞ ሪአክተሩ ከውጭ የሚያገኘውን መብራት ያጣል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ ዕድል አላት። የውኃ ኃይል ማመንጫ ከሌላ ቦታ ኃይል ሳይጠብቅ በጨለማ ራሱን ማስነሣት ይችላል፤ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም ሆነ የሕዳሴው ግድብ ለአንድ ሪአክተር አስተማማኝ ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ግን በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር የሚሆነው መስመሮቹና ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ከተጠበቁ ብቻ ነው። በዩክሬን የዛፖሪዥያ ጣቢያ ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት መካከል ሆኖ የውጭ መብራቱን በተደጋጋሚ አጥቷል፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስም የማቀዝቀዣ ውኃ ያገኝበት የነበረው ሐይቅ ደረቀ። በክልላችን ስላለው ሁኔታ አንባቢ የሚያውቀውን እኔ መድገም አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ጎጃም ልምጣ፤ ስለ ቼርኖቤል ስናወራ ቸል የምንለው የጤና ጉዳይ እኛን በቅርብ ይነካልና። ከአደጋው በኋላ በልጆች ላይ የደረሰው ትልቁ ጉዳት የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ብቻ በአደጋው ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል። መንገዱ ቀላል ነበር። ጨረር ያለው አዮዲን በሣር ላይ ወረደ፣ ላሞቹ ሣሩን በሉ፣ ልጆቹ ወተቱን ጠጡ። ይህ አዮዲን በየስምንት ቀኑ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለጥቂት ሳምንታት ያንን ወተት አትጠጡ ማለት ብቻ ብዙ ልጆችን ባዳነ ነበር። ከጣቢያው አጠገብ የነበረችው የፕሪፕያት ከተማ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ የወጣው ግን በሆሳዕና ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ከአደጋው አንድ ቀን ተኩል ቆይቶ ነው። የሶቭየት ቴሌቪዥን ጥቂት ቃላት የተናገረው ሰኞ ማታ ነበር፤ በኪየቭም ሚያዝያ 23 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ የሜይ ዴይ ሰልፍ ከነሕፃናቱ ተካሂዷል። ጎረቤት ፖላንድ ደግሞ ወሬውን በሰማች በአንድ ቀን ውስጥ ለልጆቿ የአዮዲን መድኃኒት ማደል ጀምራ በጥቂት ቀናት ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሕፃናትና ወጣቶች አዳርሳለች።

የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን የተራበ ከሆነ ያገኘውን አዮዲን፣ ጨረር ያለውንም ጭምር፣ አብልጦ ይስባል። የቤላሩስና የአካባቢው ገጠር አፈር አዮዲን የሚያንሰው መሆኑ ጉዳቱን አባብሶታል። የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው እንቅርት በጎጃም ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አፈራችንን ዝናቡ ዘመን በዘመን ስላጠበው አዮዲኑ አልቋል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ከወጣ ወዲህ መሻሻል ቢኖርም፣ በገጠር ገበያ አዮዲን የሌለው ጨው አሁንም ይሸጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ኒውክሌር ዝግጅት ቢጠይቀኝ፣ የመጀመሪያው ሥራ ከሪአክተሩ ብዙ የራቀ፣ በቡሬና በደንበጫ የጨው ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ያለ ነው ብዬ ብመልስ እንደ ቀልድ አይቆጠርብኝ። ሪአክተሩ ባይመጣም ሥራው አይባክንም።

ስለ ደኅንነት ባህል በመጽሐፍ የሚጻፈው ሁሉ በተግባር በፈረቃ መዝገብ ላይ ይታያል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ የአንዱ ጀነሬተር ኩሽኔታ ሙቀት ማታ ማታ ከወሰኑ እያለፈ የማስጠንቀቂያ ደወሉ ይጮህ ነበር። ወጣቱ የፈረቃ ኦፕሬተር በየጊዜው ይመዘግበዋል። የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲደርስ አለቃው ጠርቶ መዝገቡን ለምን ታበላሻለህ አለው። ከዚያ ወዲያ ደወሉ ጮኸ፣ ተዘጋ፣ የመዘገበ ግን አልነበረም። ኩሽኔታው ተቃጥሎ ማሽኑ ለወራት ሲቆም መዝገቡ ንጹሕ ነበር። በሩሲያ የሳያኖ ሹሼንስካያ የውኃ ማመንጫም በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ሁለተኛው ተርባይን ከመቀመጫው ተነቅሎ 75 ሰዎች ሲሞቱ፣ የማሽኑ ንዝረት ከተፈቀደው በላይ መሆኑን መሣሪያው ይመዘግብ ነበር፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። እንዲህ ያለው ጠባይ ለኒውክሌር ተብሎ የሚፈጠር ሳይሆን ካለበት ቤት ወደ ኒውክሌር የሚዛወር ነው።

ለዚህም ነው ጥያቄዬን ከማሽኑ ይልቅ በተቆጣጣሪው ላይ የማደርገው። በጃፓን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኒውክሌርን በሚያስፋፋው በዚያው ሚኒስቴር ሥር ስለነበረ ኩባንያውን ለማስገደድ አቅም አጣ፤ የፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ካለ በኋላ በመስከረም 2005 ዓ.ም. ራሱን የቻለ አዲስ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በእኛ አገር የጨረራ ቁጥጥር ለብዙ ዓመታት የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በተባለ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ ኋላ ከሌሎች የቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥራዎች ጋር በአንድ ላይ ተጠቃልሏል። ለራጅ ክፍሎችና ለፋብሪካ መለኪያዎች ይህ አደረጃጀት ይበቃ ይሆናል፤ ምንም እንኳ በብራዚል ጎያኒያ ከተማ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ከተዘጋ ክሊኒክ የተወሰደ አንድ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ አራት ሰዎችን ገድሎ 249 ሰዎችን መበከሉን ሳስብ እሱንም አሳንሼ ባላየውም። ለሪአክተር ግን ፈቃድ ሰጪው፣ ጣቢያውን ከሚገነባውና ከሚያስተዳድረው አካል የተለየ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀጥታ የሚጠየቅ፣ የራሱ በጀት ያለው፣ አቁሙ ሲል የሚቆምለት መሆን አለበት። ይህን የሚያህል መሥሪያ ቤት በአንድ ጀምበር አይቆምም። መሐንዲሱን ለማሠልጠን ብቻ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ከግንባታ ውሉ በፊት መጀመር ይኖርበታል።

ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች እንዲጠይቅልኝ የምፈልገው ሦስት ነገር አለ። የሪአክተሩን ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው፣ ተጠሪነቱስ ለማን ነው? በጣቢያው የሚደርሱ ትንንሽ ብልሽቶች ሪፖርት ለሕዝብ ይታተማል ወይስ በምስጢር ይያዛል? ብልሽት የመዘገበ ወይም ያጋለጠ ሠራተኛ ከአለቃው ቁጣ የሚጠበቅበት ግልጽ ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ ይገባል ወይ? መልሱ ሲገኝ፣ አጥጋቢ ቢሆንም ባይሆንም፣ በዚሁ ገጽ ላይ እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቀደመው ጽሑፍ አዘጋጅም በሙያቸው የሚጨምሩት ካለ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተር
ከባሕር ዳር